የቅዳሜ አባት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት የተናገረው ሰው ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ነበረው መሰለኝ። የፀጉር አስተካካዩን ቤት ለሁለት የሚከፍለው ግን ስስ ጣውላ ነው፤ በወዲያኛው ክፍል መርፌ ብትወድቅ በወዲህኛው ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ይፈልጋታል። እናም ቅዳሜ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ለእናቷ «ቅዳሜ ቅዳሜ እኮ አባት የለኝም» ስትል ጥርት አድርጎ ሰማት። የሚስቱ የስፌት መኪና ቀጥ አለ። ያ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ሲንገጫገጭ ስለሚውል በዚያ ቤት ፀጥታ ማለት የመኪናው ዝም ማለት ነው፤ ዝም ካለ ደግሞ አንድ ነገር አለ።

«ኪሱ ላይ ያለውን ምልክት ፍቺልኝ» አለች ልጅቷ። «ሸሚዙ ደህና ነው፣ ለሌላ ቀን እለብሰዋለሁ። ምልክቱን ብቻ።»

«ከስካውቱ ልትወጪ ነው እንዴ?»

«ዛሬ አለቃ ይመረጣል። እንደ ሁልጊዜው ሊያልፈኝ ነው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

እናትየዋ መቀሱን ከቆርቆሮው ጣሳ ስታነሳውና መልሳ ስትጥለው ተሰማ። «ዛሬን እንደለበስሽው ሂጂ» አለች በመጨረሻ። «ማታ መጥተሽ አሁንም ፍቺው ካልሽኝ እፈታዋለሁ። መፍታት መቼም ቀላል ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ የጫማውን ክር አስሮ ፈታው፣ ደግሞ አሰረው። ይህን አስተሳሰር ለልጁ ያሳያት ራሱ ነበር። ግራኝ ስለሆነች ከጎኗ ሆኖ ቢያሳያት አልሆን ብሎ፣ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ መስታወት እያየችው ነው የተማረችው። የዚያን ቀን «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ጫማዋን ስታስርና ስትፈታ ነበር የዋለችው።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፣ ኋላ እንዳንጣላ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ፀጉር ያስተካክላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን የስካውት ቡድን ይመራል። ለዚህ የሚከፍለው የለም፤ እንዲያውም የተቀደደ ድንኳን የሚያሰፋውና ገመድ የሚገዛው ከኪሱ ነው፣ ገመድ ደግሞ ዘንድሮ ዋጋው አይቀመስም። ልጆቹ ይወዱታል፤ ወላጆቹም ያከብሩታል። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፣ አዳላ እንዳይባል ይፈራል። ልጁ ቡድኑ ውስጥ በገባች ሰሞን አንዲት እናት በር ላይ ቆማ «የመሪው ልጅ አይደለች፣ ታዲያ ከፊት ብትሰለፍ ምን ይገርማል» ስትል ሰምቶ ነበር፤ ዕድሉ ሆኖ ይህ ሰው የማይሰማው ነገር የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ከፊት ተሰልፋ አታውቅም። ሾርባ ሲታደል የሚያልቀው እሷ ጋ ሲደርስ ነው። ድንኳን ሲከፋፈል የሚያፈሰው ጥግ የሷ ነው። ለቡድኑ የሚበቃ ትልቅ ድስት ያለው እነሱ ቤት ስለሆነ እሱን ተሸክማ የምትሄደው እሷ፣ ተሸክማ የምትመለሰው እሷ፣ የምታጥበውም እሷ ናት፤ አጥባ ስትጨርስ አባቷ ገልብጦ ያይና «ከታችም» ይላታል። ቅዳሜ «አባዬ» ማለት ክልክል ነው፤ እንደ ሌሎቹ ልጆች «መሪ» ብላ፣ እንደ ሌሎቹ በአንቱታ ታናግረዋለች። አብረው ሲገቡ እንዳይታዩም እሱ በዋናው መንገድ ሲሄድ እሷ ድስቷን ይዛ በጓሮ በኩል በቅያሱ ትሄዳለች።

ቡድኑ በምድብ የተከፋፈለ ሲሆን የሷ ምድብ ጉንዳን ይባላል። የጉንዳን አለቃነት ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ ክፍት ሆኖ ሦስቱንም ጊዜ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ሦስቱም ከሷ እንደሚያንሱ ቡድኑ በሙሉ ያውቃል፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ያውቃል። የመጨረሻው አለቃ ቤተሰቦቹ ከተማ ሲቀይሩ አብሯቸው ስለሄደ ቦታው አሁንም ባዶ ነው፣ ዛሬ ሰው ሊመረጥለት ነው። እስከዚያው ምድቡን የምታሠለጥነው፣ የተጣላ የምታስታርቀው፣ ያለቀሰ የምታባብለው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። ሻይ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ሰው ዝም ሲል ዓይኑ የሚያርፍበት አያጣምና የአባትየው ዓይን የጠረጴዛው እግር ላይ አረፈ። አራቱም እግሮች ጉልበት በሚደርስበት ቁመት ላይ ዙሪያቸውን ተፍቀው፣ ቀለሙ ለቅቆ ነጩ እንጨት ወጥቷል። ባለፈው ወር ይህን አይቶ ተቆጥቶ ነበር። ልጁ ገመድ ስትለማመድበት እንደሆነ ሲነገረው ደግሞ «ሌሎቹ ልጆች የመሪያቸውን ጠረጴዛ አግኝተው አይለማመዱም፣ አንቺም አታገኚም» ብሎ ፈርዶ ነበር። አሁን ያንን ፍርዱን ሲያስታውሰው የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠው። የሚናገረው ፈለገ፤ ያገኘው «ሻዩ ጥሩ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ሚስቱ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባች፣ ለማንም ሳይሆን ለክሩ እንደምታወራ ሁሉ፣ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» አለች። ክሩ ገባ፤ እሱም ተነሳ። ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ቁንጮ» ሲል ተጣራ። ይህን ቅጽል ያወጣላት ራሱ ነው፤ ስትወለድ አናቷ ላይ ብቻ አንድ ጭብጥ ፀጉር ይዛ ስለመጣች። መላጣ አባት በፀጉር ቢኮራ አይፈረድበትም።

«አቤት፣ መሪ» አለችው። ቅዳሜ ገና መጀመሩ ነበር።

ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወትና አንድ የማይዘጋ ሬዲዮ አለው። በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ጎረምሳ ምላጭ ይባላል፤ በሥራው ሳይሆን በምላሱ። በመጀመሪያው ወንበር ላይ ቅዳሜ ጠዋት ሁልጊዜ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ፀጉር እምብዛም የላቸውም፣ ጢማቸውን ሊላጩና የሳምንቱን ወሬ ሊሰሙ ነው የሚመጡት። ፀጉር አስተካካዩ የሳሙናውን አረፋ እየቀባቸው ሆዱ አልችል አለው። «ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ የማውቀው ሰው አለ። የገዛ ልጁን መዳኘት ያለበት እሱ ነው። ለሷ ቢፈርድላት አዳላ ይሉታል። ባይፈርድላት ደግሞ ልጅቷ ታዝንበታለች።»

«ይኼ የምታውቀው ሰው መላጣ ነው?» አለ ምላጭ ከወዲያ ሆኖ፣ ቶንዶሱን እንኳ ሳያጠፋ።

ደንበኞቹ ሳቁ። ዳኛው አረፋው አፋቸው እንዳይገባ በአፍንጫቸው ብቻ ሳቁ። «ሥራህን ሥራ አንተ» አለው ፀጉር አስተካካዩ፤ ግንባሩ እስከ ማጅራቱ ድረስ ቀልቷል፣ የመላጣ ሰው እፍረት ቦታው ሰፊ ነው። ዳኛው ግን ነገሩን እንደ ዋዛ አላዩትም። ተላጭተው ሲያበቁ፣ «እኛ ዘመድ ሲቀርብብን ከችሎት እንነሳ ነበር» አሉ። «ሌላ ዳኛ ይተካል።»

«ሌላ ዳኛ ከሌለስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። በስካውት ቡድኑ ረዳቱ የሰፈሩ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ናት፤ ቡድኑን ከተቀላቀለች ገና ወር አልሞላትም፣ ገመድ ማሰር የምትማረውም ከልጆቹ ነው።

«እሱ ይከብዳል። ይልቅ ለዚያ ለምታውቀው ሰው አንድ ነገር ንገርልኝ። ለዘመድ ማዳላት ስርቆት ነው። ዘመዴ ነው ብሎ የሚገባውን መንፈግም ስርቆት ነው። በሁለተኛው ግን የሚከሰስ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ፀጉር አስተካካዩ ትኩሱን ፎጣ ፊታቸው ላይ አለበሳቸው። ፊታቸው እንደተሸፈነ የዳኛው እጅ የወንበሩን ክንድ ያዘና ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አደረገው። «ይኼ ክንድ ላልቷል» አሉ ድምፃቸው ታፍኖ። «ከአምና ጀምሮ ስመጣ በዓይኔ ሳየው ደህና ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ስትሸፍነው ነው እጄ የነገረኝ።» ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ቀጥሎ ያደረገውን ጎረምሳው ምላጭ እስካሁን ያወራዋል፦ ዳኛውን፣ ከነፎጣው፣ ግንባራቸው ላይ ሳማቸው።

ከምሳ በኋላ ቡድኑ ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ተሰበሰበ። ከታንከሩ ሁልጊዜ ውሃ ስለሚንጠባጠብ እዚያ ቦታ ብቻ ሣር አለ፤ ሌላው አቧራ ነው። ልጆቹ ጥላ ፍለጋ እየተጋፉ ተሰለፉ። የስፖርት መምህርቷ ፊሽካዋን ነፋች፤ ከቡድኑ ሥራ እስካሁን በደንብ የምትችለው እሱን ነው። ቁንጮ ድስቱን ግንቡ ሥር አስቀምጣ ከኋላው ረድፍ ጫፍ ላይ ቆመች። መሪው ከፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። በመንገዱ ላይ ሲለማመደው የመጣው ንግግር ረጅም ነበር፣ ሲደርስ ግን አጭሩ ብቻ ተረፈው።

«ዛሬ የጉንዳን ምድብ አለቃ ይመረጣል» አለ። «አለቃ ልሁን የሚል ሁለት እንጨት መስቀለኛ አድርጎ በገመድ ያስራል። እኔ ዓይኔን እታሰራለሁ። ማን የትኛውን እንዳሰረ አልሰማም፣ አላይም። በእጄ ዳስሼ የማይነቃነቀውን እመርጣለሁ። አለቀ።»

ልጆቹ ተንጫጩ። ቁንጮ አባቷን ቀና ብላ አየችው፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ እጆቿን አየች፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ሦስት ሰዎች ወጡ። አንዱ ሎጋው ነው፣ ከመሪው የሚበልጥ ቁመት ያለው፣ ሲናገር ግን የማይሰማ ልጅ። ሁለተኛዋ ጫጩት ናት፣ የቡድኑ ትንሿ፤ እጇን ያወጣችው አለቃ መሆን ፈልጋ ይሁን ወይም እጅ ማውጣት ስለምትወድ አልታወቀም። ሦስተኛዋ ቁንጮ ናት። ከኋላ እየተራመደች ስትመጣ መሪው ስካርፉን ከአንገቱ ፈትቶ ለመምህርቷ ሰጣት።

«ያያሉ እኮ!» አለ አንዱ ከመሀል።

«ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ መሪው፤ ልጆቹ ሳቁ፤ መምህርቷም አጠንክራ አሰረችው። ስካርፉን የሰፋችው ሚስቱ ናት፣ የቡድኑን ስካርፍ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ጨርቁ የስፌት መኪና ዘይትና የቤታቸው ሳሙና ይሸታል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ባልሰማሁ ብሎ ከልቡ ተመኘ።

አስረው ጨርሰው ትከሻውን መታ ሲያደርጉት እጆቹን ዘረጋ፤ የመጀመሪያውን እስር ጭኑ ላይ አደረጉለት። የፀጉር አስተካካይ ጣት ብዙ ነገር ያውቃል፤ ይኼኛው ጥሩ ነበር፣ ግን መጨረሻው ላይ የተቸኮለ፣ ጫፉ ያልተሸጎጠ። እንጨቶቹን ሲያወዛውዛቸው ትንሽ ፈቀቅ አሉ። «ቀጥሎ» አለ። ሁለተኛው ጭኑ ላይ እንዳረፈ ጣቱ ገመዱ ላይ ቆመ። ገመዱ የተጠመጠመው በተቃራኒው ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በወዲህ ያዞራል፣ ግራኝ በወዲያ፤ ይህንን ጥምጥም ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጫማ ክር፣ በቦርሳ፣ በድንኳን ገመድ ላይ ያውቀዋል። የልጁ ነው። ሳያስበው ፈገግ አለ። ከዚያ እንጨቶቹን ነቅነቅ ሲያደርጋቸው ፈገግታው ጠፋ። ላልቷል። አንደኛው እንጨት እንደ ላላ የበር ማጠፊያ ወዲህ ወዲያ ይላል።

ደግሞ ሞከረው። ምናልባት ዳር ዳሩን ይዤው ይሆናል ብሎ ቦታ ቀይሮ ሞከረው። ላልቷል። በጠዋቱ የሰማው ነገር ሁሉ ተመለሰበት፤ ምልክቱን ፍቺልኝ፣ አባት የለኝም፣ መፍታት ቀላል ነው። ምን አለበት፣ አለ በሆዱ። ስንት ጊዜ የሚገባትን ነፍጌአት የለም? አንድ ጊዜ የማይገባትን ብሰጣት ማን ያውቃል? ማንም አያይ፣ ዓይኑ እንኳ አያይም። ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳላት አማረው፤ እንዲህ እንደሚያምር አያውቅም ነበር። ሁለተኛውን እስር ቀስ ብሎ ከጭኑ አወረደና «ቀጥሎ» አለ።

ሦስተኛው ሲመጣ ጉዳዩ አልቆ ነበር፣ እጁ ሥራውን ሠራ እንጂ። ጥምጥሙ በወዲህ የዞረ ነው፣ የቀኝ እጅ ሥራ። ገመዱ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይወጣ ጎን ለጎን ተኝቷል። ጫፉ ገብቶ ተሸጉጦ ጥፍር እንኳ አያገኘውም። እንጨቶቹን በሁለት እጁ ይዞ ጠመዘዛቸው፤ አልነቃነቅ አሉ። ተነስቶ በጉልበቱ ደግፎ ጠመዘዛቸው፤ አልነቃነቅ አሉ። ጎበዝ ሎጋው፣ አለ በልቡ፣ አንተም ልጅ ነህ፣ አንተም አባት አለህ። ማታ ቤት ሲገባ የሚጠብቀውን የሚስቱን መቀስ ድምፅ ከአሁኑ የሰማው መሰለው። ልጁን እንዳጣት ገባው፤ ግን እጁን መዋሸት አልቻለም።

«ሦስተኛው» አለ።

ጩኸት አልተሰማም። ስካርፉን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ብርሃኑን ለመልመድ ዓይኑን አርገበገበ። ልጆቹ አንዴ እሱን፣ አንዴ እርስ በርስ ይተያያሉ። የስፖርት መምህርቷ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ረስታዋለች። «ሦስተኛው የቁንጮ ነው» አለች አውጥታው።

«አይደለም» አለ መሪው። «ቁንጮ ግራኝ ናት። የሷ ሁለተኛው ነው።»

ካለው በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ዓይኑ ታስሮ እንኳ የልጁን እስር እንደለየ በመላው ቡድን ፊት መስክሯል። አፉን ሊዘጋ ሲል ጫጩት በእሱና በመምህርቷ መሀል ብቅ አለች። «ሁለተኛው የኔ ነው፣ መሪ» አለች። «ይነቃነቃል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንሽው?»

«አይ፣ አይደለሁም። ቁንጮ ናት ያስተማረችኝ።»

ቁንጮ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትናገረው። «መጀመሪያ ላይ እኔን እያየች እንደኔ ለመደችው፤ አሁን አልለቅ አላት» አለች። «ሌሎቹንም እንዳላበላሻቸው ብዬ እኔ ራሴ በቀኝ ተማርኩ። ያው… ጠረጴዛው ላይ።»

«ዛሬስ?» አለ መሪው። «ዛሬ እንኳ በሚመችሽ እጅ ብታስሪ ምን ነበረበት?»

አሁን ቀና አለች። «የኔ መሆኑን ካወቁ አይመርጡትም ብዬ ነዋ፣ መሪ።» ይህን ያለችው እንደ ወቀሳ አይደለም። ደመና ነው፣ ጃንጥላ ያዝኩ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። እሱን የጎዳው ይኸው ነበር። ልጁ እሱን የምታውቀው እንደ አየር ጠባይ አድርጋ ነው፤ አይቀየርም ብላ፣ አስባበት፣ ተዘጋጅታለት። አፈረ፤ እስከ ማጅራቱ አፈረ። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ደስታ ብቅ አለ፤ ያ በጉልበቱ ደግፎ ጠምዝዞት እንኳ አልነቃነቅ ያለው እስር የልጁ ነው፤ ሰው በማይመቸው እጅ ይህን ካሰረ በሚመቸው ምን ሊሠራ ነው? ያን ጊዜ ሎጋው ማጨብጨብ ጀመረ። የዚያ ልጅ ድምፅ አይሰማም እንጂ መዳፉ ሰፊ ነው። ጉንዳኖቹ ተከተሉት፣ ከዚያ ሁሉም ተከተሉ፤ መምህርቷም ፊሽካዋን ያለ ምክንያት ነፋች።

ሾርባው ደረሰ። በዚህ ቡድን ደንብ የምድብ አለቃ የሚጠጣው ሰዎቹ ሁሉ ከጠጡ በኋላ ስለሆነ፣ ሾርባው ዛሬም ያለቀው ቁንጮ ጋ ሲደርስ ነው። ጭልፋው ድስቱን ሲፍቅ ሰምታ ሳቀች። መሪው ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ በሁሉም ሰው ፊት፣ ከኩባያው ላይ ግማሹን ገለበጠላት። ዙሪያውንም ቃኘ፤ አዳላ የሚል ካለ ይበል ብሎ። ልጆቹ ዳቦ ላይ ነበሩ፣ ማንም አላየውም።

ሲበተኑ መሪው በዋናው በር ቆመ። ቁንጮ ድስቱን አንጠልጥላ ወደ ጓሮው ቅያስ ልትታጠፍ ስትል «በዚህ» አላት። ቆማ አየችው። «በዚህ በኩል እንሂድ፣ አብረን» አለ። ድስቱንም ከእጇ ወሰደ። ጫጩት ከኋላቸው እየሮጠች ደረሰችና ከፊታቸው ሆና ሁለቱንም እየተመለከተች፣ ወደኋላዋ ትራመድ ጀመር።

«መሪ፣ ቁንጮ እርስዎ ሰፈር ነው እንዴ የምትኖረው?»

«እኔ ቤት ነው የምትኖረው።»

«ዘመድዎ ናት?»

ከዚህ በፊት ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ «የቡድኑ አባል ናት» ይል ነበር። ጫጩት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራቸው ውላ ይህን አለማወቋ ልቡን ስንጥቅ አደረገው። ደንቡን በደንብ ጠብቆት ኖሯል። «ልጄ ናት» አለ። በሩ ላይ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆች ዞር አሉ፤ ሳያውቀው ጮክ ብሎ ነበር የተናገረው።

«የእውነት ልጅዎ?»

«የእውነት ልጄ።»

ጫጩት አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። «ታዲያ ለምን አትመሳሰሉም?»

«ፀጉሩ ነው» አለች ቁንጮ። ጫጩት ይህን በቂ መልስ አድርጋ ተቀብላ ወደ እናቷ ሮጠች።

መንገዱን ሙሉ ድስቱ የእሱን ጉልበት እየመታ ጓ ጓ ይላል፣ እሷ ትስቃለች። አንዴ ብቻ «ከባድ ነው ይኼ ነገር» አላት፤ «አውቃለሁ» አለችው። ቤት ሲደርሱ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። እናትየዋ መብራቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። መቀሱ ጠዋት በተጣለበት ጣሳ ውስጥ ነው። በመኪናው መርፌ አጠገብ ግን የምድብ አለቆች ኪስ ላይ የሚሰፉት ሁለቱ ነጭ ጨርቆች ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው ታጥፎ፣ ተተኩሰው ተቀምጠዋል። የሁለቱን ፊት አየች፣ ባሏ የያዘውን ድስት አየች፣ ሌላ ሳትጠይቅ «ሸሚዙን አውልቂና አምጪው» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አለ እሱ።

«ምን አውቃለሁ። ካልሆነ እጥለው ነበር።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንተ ግን እዚያ አትገተር። ከያዝከው አይቀር ድስቱን እጠበው።»

መሪው እጅጌውን ሰብስቦ ጓሮው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ አለ። ጥላሸቱ እንዲህ የሚጣበቅ መሆኑን አያውቅም ነበር። ውስጡን በአሸዋ ፈተገው፣ በሳሙና አጠበው፣ ጥሩ አድርጎ አለቀለቀው። ከቤት ውስጥ የስፌት መኪናው መንገጫገጭ ጀመረ። ጨረስኩ ብሎ ድስቱን አንስቶ ሲያራግፍ በሩ ላይ ሰው መኖሩን አየ። ቁንጮ እጆቿን አጣምራ፣ ሸሚዝ የሌላት አለቃ፣ በእናቷ ሹራብ ተጠቅልላ ቆማለች። መጥታ ድስቱን ከእጁ ወሰደችና ገልብጣ በደንብ አየችው።

«ከታችም፣ አባዬ» አለችው።

ቅዳሜ ገና አላለቀም ነበር።